መዝገቡ ሳይቃጠል

ቦታው እንጦጦ ማርያም ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ሙዚየም አይተው የወጡ ሁለት ሰዎች ከቅጥሩ ግንብ ሥር ተቀምጠው ይነጋገራሉ። አንደኛዋ ዕድሜያቸውን በነርስነት ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው፤ የሠፈሩ ሰው «ሲስተር» ይላቸዋል። ሁለተኛው የብራና መጻሕፍትን ፎቶ እያነሳ በኮምፒውተር የሚያደራጅ ወጣት ነው።

ወጣቱ፦ ከካባውና ከዘውዱ ዘንድ ብዙ አልቆዩም፣ ሲስተር።

ሲስተር፦ አየኋቸው እኮ፤ ያማሩ ናቸው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህችው ማርያም ነውና የንግሡ ዕቃ እዚህ መቀመጡ ተገቢ ነው። የእኔን ሐሳብ የወሰደው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዓመት አገሩ በምን ላይ ነበር? የከብት ደስታ በሽታ ለጣሊያን ጦር በምጽዋ በኩል ከመጡ ከብቶች ተዛምቶ በሬውን ጠራርጎታል። ገበሬው የሚጠምደው አጣ፤ ክፉ ቀን ሆነ። ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ጨብጠው መሬት ቆፈሩ ሲባል የምንሰማው የዚያን ጊዜውን ነው። ዘውዱ የተጫነው እንዲህ ባለ ሞት መካከል ከሆነ፣ ሞቱም ከዘውዱ ጎን ይነገር ነው የምለው።

ወጣቱ፦ የነገሥታት ሙዚየም የነገሥታትን ነገር ያሳያል። የበሽታና የሕክምና ታሪክ የራሱ ቤት አይፈልግም?

ሲስተር፦ ይፈልጋል እንጂ። ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ይዟል፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የሕዝቦችን ባህል ይዟል። የሕክምናችንን ታሪክ ከሥሩ ጀምሮ የሚናገር ቤት ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ወጣቱ፦ የሳይንስ ሙዚየም ተከፍቷል እኮ፤ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ።

ሲስተር፦ ሄጄ አይቼዋለሁ። ልጆች በሮቦቱና በሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ዙሪያ ሲራኮቱ ማየት ያስደስታል። ያ ቤት የሚያሳየው ግን የሚመጣውን ነው። እዚህ አገር የኖሩ ሰዎች ምን መርምረው ምን እንዳገኙ፣ በምን እንደ ተሳሳቱ የሚናገር ክፍል ቢጨመርበት፣ ልጁ ሳይንስ ሁልጊዜ ከውጭ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ አይመስለውም። ይኸው በዚህ ተራራ ላይ ባለ1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ከዚያው ዝቅ ብሎ ደግሞ ካህናቱ የፋሲካን ቀን በባሕረ ሐሳብ ያወጣሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን የሰማይ ቆጠራ ታሪክ ለልጆቻችን ያስተማረ ማነው?

ወጣቱ፦ በዚህ እስማማለሁ። የምለየው በቤቱ ላይ ነው። ቤት መሬት ይፈልጋል፣ ጠባቂ ይፈልጋል፣ በጀት ይፈልጋል። ካለን ቅርስ ከፊሉ ደግሞ አገር ውስጥ የለም። ለንደን ውስጥ ዌልካም የሚባል ትልቅ የሕክምና ታሪክ ስብስብ አለ። ሄንሪ ዌልካም መድኃኒት አምራች ነበር፤ ባገኘው ሀብት ከመላው ዓለም የሕክምና ዕቃና መጽሐፍ ሰበሰበ። የእኛ ብራናዎችና ክታቦችም ከዚያ ገብተዋል፤ ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለው የፖላንድ ተወላጅ ሊቅ በ1972 እ.ኤ.አ. ዝርዝራቸውን አሳትሟል። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ የተነሱ ወደ 9,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ቅጂ ተቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያነበቡትና የዘረዘሩት ያንን ነው። አሁን ብዙው በኢንተርኔት ይታያል። ጎጃም ያለ የቅኔ ተማሪ ስልክ ካለው የመድኃኒት መጽሐፉን ገጽ ሊያገላብጥ ይችላል። ከዚህ የበለጠ ምን ሙዚየም አለ?

ሲስተር፦ ጌታቸው ኃይሌ የሠሩትን የሚያቃልል የለም፤ ነፍሳቸውን ይማር። እስኪ ከነዚያ ክታቦች አንዱን ንገረኝ፤ ምን ይላል?

ወጣቱ፦ ከሁሉ የሚበዛው የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ነው። ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዝልያን ስለ ማሸነፉ ይተርካል። ክታቡን የምታስጽፈው ልጅ የሞተባት ወይም ደም የሚፈሳት ሴት ናት። ብራናው በቁመቷ ልክ ይለካል፤ ከጸሎቱ መካከል ስሟ ይገባል፤ ላዩ ላይ ዓይኑን ያፈጠጠ የመልአክ ሥዕልና ጠልሰም ይሣላል። ክታቡ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞዋ ስም ተፍቆ የአዲሷ ይጻፋል። አንዳንዱ ላይ ፍቁ ራሱ ይታያል።

ሲስተር፦ ተመልከት እንግዲህ። ያንን ክታብ ለንደን ያለ ሰው በስክሪን ሲያየው የሚማርከው ሥዕሉ ነው። እኔ ያቺ ሴት ትታየኛለች። ማዋለጃ ክፍል ስሠራ የመጀመሪያ ልጇን በደኅና ወልዳ ከዚያ በኋላ የፀነሰችው ሁሉ የሚሞትባት እናት ትመጣ ነበር። ሠፈሩ «ሾተላይ አለባት» ብሏት፣ ባሏ ሊፈታት ደርሶ፣ በአንገቷ ክታብ አንጠልጥላ። ደሟን ስንመረምር አርኤች ኔጌቲቭ ሆና ትገኛለች፤ የባሏ ፖዘቲቭ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ የልጁ ደም ከእሷ ጋር ይነካካና ሰውነቷ መከላከያ ይሠራል፤ ያ መከላከያ የሚቀጥለውን ፅንስ ይጎዳዋል። በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ አንድ መርፌ ብትወጋ ይህ ሁሉ ሊቀር ይችል ነበር። መርፌው የተገኘው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ለንደንም ቢሆን፣ ፓሪስም ቢሆን፣ ይህን አስቀድሞ የሚከላከል ነገር አልነበረም።

ወጣቱ፦ ሱስንዮስ የሚዋጋት ወርዝልያ የአርኤች ችግር ናት ማለትዎ ነው?

ሲስተር፦ አይደለም፤ እንደዚያ ካልን ታሪኩን ማበላሸታችን ነው። ሕፃን የሚሞተው በብዙ ምክንያት ነበር፤ በቴታነስ፣ በተቅማጥ፣ በወባ፣ በምጥ መራዘም። ክታቡ የደም ምርመራ ውጤት አይደለም። ግን ስንት እናት እንዳለቀሰች፣ ለስንት መቶ ዓመት እንዳለቀሰች የሚመሰክር ሰነድ ነው። ክታቡን ከዚህ አስቀምጥ፤ ከጎኑ ያንን መርፌ አስቀምጥ፤ በመካከላቸው የእናቲቱን ቃል ጻፍበት። ያን ጊዜ ነው የሕክምና ታሪክ የሚሆነው። ሥዕሉ ብቻውን የጥበብ ታሪክ ነው፤ እሱም ቢሆን ክብር ይገባዋል፣ ግን ሌላ ነው።

ወጣቱ፦ ይህን በኢንተርኔትም ማድረግ ይቻላል። ሥዕሉን፣ መርፌውን፣ የእናቲቱን ድምፅ በአንድ ገጽ። እንዲያውም በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም።

ሲስተር፦ አድርገው። ማንም አይከለክልህም። ብቻ ድምፁን ማን ይቀዳል? እኔ የማውቃቸው አዋላጆች እያረጁ ነው።

ወጣቱ፦ እሱ ልክ ነው። እኛ ብራና እናነሳለን እንጂ ሰው አንቀዳም። ደግሞ አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። የመድኃኒት መጻሕፍቱን ሳደራጅ በሊቃውንቱ ዕውቀት እኮራለሁ፤ ዕፀዋቱን በስም በስም ለይተው፣ ሥሩን ከቅጠሉ፣ ቅጠሉን ከፍሬው ለይተው ጽፈዋል። ስለዚህ ለጎብኚው ኩራታችንን ማሳየት እወዳለሁ።

ሲስተር፦ ኩራቱን አሳይ፤ ጉዳቱንም አሳይ። የኮሶን ነገር ውሰድ። እንደዚህ ባለ ደጋ የሚበቅል ዛፍ ነው። የሴቴው አበባ ተወቅጦ ይጠጣል፤ የኮሶ ትሉን ያስወጣል። ሥጋ በጥሬው የሚበላ ሕዝብ ከትሉ ጋር ለመኖር ያገኘው መድኃኒት ነው፤ አውሮፓውያንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወስደው በፋርማሲያቸው ሸጠውታል። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከሥራ ይቀራል፤ ጌታውም ዳኛውም ያውቅለታል። ይህ የሚያኮራ ነው። ግን መጠኑ ካለፈ ይጥላል፤ ዓይን ያጠፋበት፣ የገደለበት ጊዜም አለ። ዋግምቱ፣ እንጥል ማስቆረጡ፣ የሕፃን ድድ በስተው ግግ ማውጣታቸው ደግሞ አለ። ደም እየፈሰሰው፣ ቁስሉ አመርቅዞ የመጣ ሕፃን በእጄ ይዣለሁ። በሙዚየምህ ውስጥ ኮሶውን አስቀምጠህ ግግ ማውጫውን ካስቀረህ፣ ያንን ሕፃን ካድኸው።

ወጣቱ፦ ጎብኚው አባቶቹን እንዳይንቅ እፈራለሁ።

ሲስተር፦ አይንቅም፤ በደንብ ከተነገረው። የአውሮፓ ሐኪሞችስ ስንት ዘመን ደም እያፈሰሱ ሰው ጨርሰው የለም እንዴ? ሙዚየሞቻቸው የደም ማውጫውን ምላጭ በመስተዋት ውስጥ አስቀምጠው ያሳያሉ እንጂ አይደብቁትም። ማን ቆራጭ እንደ ነበረ፣ ለምን እንደ ቆረጠ፣ ምን አስቦ እንደ ነበር ስትነግረው ሰው ይገባዋል።

ወጣቱ፦ የሚሟገቱበትን አንድ ነገር ላንሳ፤ ፈንጣጣ።

ሲስተር፦ ስለ ፈንጣጣ ካነሳህማ አንተ ብትጀምር ይሻላል፤ እኔ ከጀመርኩ አላቆምም።

ወጣቱ፦ እንግዲህ እንደማውቀው የእኛ ሰዎች ከክትባት በፊት በራሳቸው መንገድ ይከተቡ ነበር። ከታማሚው ቁስል ፈሳሹን ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጥተው ይቀቡታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ጽፎታል። በአውሮፓ ኤድዋርድ ጄነር በ1796 እ.ኤ.አ. ከላም ፈንጣጣ ክትባቱን ካወጣ ብዙም ሳይቆይ ነው። የጄነር ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። የእኛዎቹ ከታቢዎች ስማቸው እንኳ የት አለ?

ሲስተር፦ ስማቸው የለም። ቀጥል ካልከኝ ግን እኔ ነርስነት ስማር ዘመቻው ሊያበቃ ተቃርቦ ነበር፤ ያስተማሩን ሰዎች በእግር የዞሩበት ናቸው። ዘመቻው እዚህ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ዓለም በሽታውን ሊያጠፋ ሲቃረብ ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ ምሽጎች አንዷ ሆና ቀረች። መንገድ የለም። ከታቢው በበቅሎ ይሄዳል፣ በእግሩ ይሄዳል፣ በኋላ ሄሊኮፕተርም መጥቷል። በኪሱ የታመመ ሕፃን ፎቶ ያለበት ካርድ ይይዛል፤ ገበያ መሃል ቆሞ «ይህን የመሰለ ሰው የት አያችሁ?» እያለ ይጠይቃል። ተማሪ ቤት ይገባል፤ ልጆቹ ከሁሉ ቀድመው ያውቃሉ። በሽተኛው ሲገኝ ዙሪያውን ያለውን ሰው ይከትባል። መርፌዋ ጫፏ ላይ ሁለት ጥርስ ያላት ቀጭን ናት፤ መድኃኒቱ ውስጥ ጠልቃ ክንድ ላይ ጠቅ ጠቅ ትደረጋለች። በቃ። ይህንን የሚሠሩት የእኛ ሳኒቴሪያኖችና ድሬሰሮች ነበሩ፤ ከአሜሪካ፣ ከጃፓን፣ ከኦስትሪያ የመጡ በጎ ፈቃደኞችም አብረው ነበሩ። የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በደቡብ ምሥራቅ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ሶማሊያ ውስጥ መርካ ላይ በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻው የዓለም ታማሚ…

ወጣቱ፦ 1970 ዓ.ም. ጥቅምት መሆኑ ነው።

ሲስተር፦ አዎ፣ 1970። በ1972 ዓ.ም. ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ።

ወጣቱ፦ ነባሮቹ ከታቢዎችስ ዘመቻውን እንዴት ተቀበሉት?

ሲስተር፦ አንዳንዱ ተቃወመ። እንጀራው ነው፤ ክብሩም ነው። ደግሞ የእነሱ ክትባት ከእውነተኛው ፈንጣጣ የሚወሰድ ስለሆነ የተከተበውን ቢያድንም ወደ ሌላው ሊዛመት ይችላል፤ አዲስ ወረርሽኝ ያስነሳል። ስለዚህ አንድ ሙያ መቶ ዓመታት ሰው ሲያድን ቆይቶ መጨረሻ ላይ የበሽታው መደበቂያ ሆነ። ይህን ያህል ትልቅ ነገር የትኛው ክፍል ውስጥ ነው የሚነገረው? ያቺ ካርድ የት አለች? መርፌዋስ? በሽታው ከምድር የጠፋው እኛ አገር በተሠራ ሥራ ጭምር ነው። ልጆቻችን ይህን አያውቁትም።

ወጣቱ፦ የከብት ደስታውም እኮ ጠፍቷል። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከዓለም የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ታውጇል። አፋር ውስጥ ከአርብቶ አደሩ መሃል የሠለጠኑ ሰዎች ሙቀት የሚችለውን ክትባት ይዘው ከከብቱ ጋር እየዞሩ ከተቡ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያ ወረርሽኝ ያበቃው በእነሱ እጅ ነው።

ሲስተር፦ አየህ! ምኒልክ ዘውድ ሲጭኑ አገር ያራቆተው በሽታ፣ አፋሮች ጨረሱት። ይህ ታሪክ ከካባው አጠገብ ሊቀመጥ አይገባውም?

ወጣቱ፦ ይገባዋል። እስካሁን ያነሳነው ሁሉ ግን ያለፈ ነው። እዚህ ከተቀመጥን ከአጠገባችን ያለውን ጠበል ዝም ብለን ማለፍ አንችልም።

ሲስተር፦ አንችልም። ይህች ከተማ ራሷ ከውሃ ነው የተወለደችው፤ እቴጌ ጣይቱ ከዚህ ብርድ ወርደው ፍልውሃ መታጠብ ባይወዱ ኖሮ በ1879 ዓ.ም. እታች ቤት አይሠሩም ነበር። የእንጦጦ ማርያም ጠበል ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ የኤድስ ዘመን ታሪክ። መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ ሰው ከየክፍለ ሀገሩ ይመጣ ነበር። ከቤት የተባረረ፣ ከሥራ የተባረረ፣ ቆዳው ከአጥንቱ የተጣበቀ። ሐኪም ቤት የነበርን እኛ ብዙ የምንሰጠው አልነበረንም። እዚህ ያገኝ የነበረው መጠለያ፣ ጸሎት፣ እንደ እሱ የታመመ ጓደኛ ነበር። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ትልቁ ፈተና መጣ፦ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነበር። ክኒኑን አቋርጦ ጠበል የገባ፣ ከዚያ የሞተ አውቃለሁ። ክኒኑን በነጠላዋ ጥለት ጫፍ ቋጥራ፣ ሰው ሳያያት ከጠበሉ መልስ የምትውጥ ሴትም አውቃለሁ፤ ዛሬ ልጆቿን ድራለች።

ወጣቱ፦ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለዚህ ተናግረው ነበር።

ሲስተር፦ በ1999 ዓ.ም.። መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነ ተናገሩ። ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች ያ ቃል ከብዙ ሺህ ፖስተር ይበልጥ ነበር። ያን ቀን በሽተኞቼ ፊት ላይ ያየሁትን እፎይታ አልረሳውም። አንድ የሃይማኖት አባትና አንድ የጤና ሚኒስቴር በአንድ ተራራ ላይ ስለ አንድ ክኒን የተስማሙበት ታሪክ የሕክምና ታሪክ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ወጣቱ፦ ይህን በሙዚየም ለማሳየት ግን ሰዎቹ በሕይወት አሉ። ስማቸው፣ ፊታቸው፣ ልጆቻቸው አሉ።

ሲስተር፦ እሱን ሳስብ ነው በኢንተርኔት የምትለው የሚያስፈራኝ። አንድ ጊዜ ከወጣ አይመለስም። ስም ሳይጠራ፣ ፊት ሳይታይ፣ በፈቃድ ብቻ። ቸኩሎ ከሚወጣ ዘግይቶ ቢወጣ ይሻላል።

ወጣቱ፦ የመድኃኒት መጻሕፍቱም ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። ደብተራው ዕውቀቱን ለልጁ እንኳ ሳይነግር የሚሞተው ለምንድነው? እኛ ደግሞ የአባቱን መጽሐፍ ለዓለም እንከፍታለን። ዕውቀት ሲከፈት ማን እንደሚወስደው ለማየት ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማን ያስታውሱ። በ1956 ዓ.ም. ዓድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አየ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያን ጥገኛ ትል የሚያስተላልፈው ነው። ከዚህ ተነሥቶ እሱና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ብዙ ዓመት ደከሙበት፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አብረው ወሰዱ። በኋላ አሜሪካ ኦሃዮ ያለ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውሃ ቱቦ የሚዘጋ የቀንድ አውጣ ዘመድ ለማጥፋት መጠቀሙን በፓተንት አስመዘገበ። ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች በዚያ ወረቀት ላይ የሉም።

ሲስተር፦ ታዲያ ሙዚየሙ የአክሊሉን ፎቶ ሲሰቅል እነዚያን ሴቶችም ይጥቀስ። ስማቸውን ባናውቅም ሥራቸውን እናውቃለን፦ እንዶዱን አድርቀው ወቅጠው ነጭ ልብስ ያነጡት እነሱ ናቸው። አክሊሉን ታላቅ የሚያደርገው እነሱን አይቶ ማመኑ ነው።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ቤት ይኑር ካልን የት ይሁን?

ሲስተር፦ በአንድ ቤት መጀመር የለብንም። ኖርዌይ ውስጥ በርገን ከተማ የድሮ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አለ፤ ሙዚየም አድርገውታል። ሕሙማኑ የተኙባቸው ጠባብ ክፍሎች እንዳሉ ናቸው፤ መዝገቦቹ በዩኔስኮ የዓለም ትዝታ መዝገብ ገብተዋል። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሐንሰን የዚያች ከተማ ሰው ነው። በእሱ ስም የተሰየመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ደግሞ የት ነው? እዚሁ አዲስ አበባ፣ አለርት ሆስፒታል ግቢ፤ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ዘነበወርቅ ዙሪያ ሰፍረው ጥልፍና ሽመና እየሠሩ ልጅ ያሳደጉ የቀድሞ ሕሙማን አሉ፤ ዕቃው አለ፣ ሐኪሞቹ አሉ። በርገን ያለውን ያህል ቁም ነገር እዚህ አለ። አንድ ክፍል ተጠርጎ ቢከፈት ለመጀመሪያ በቂ ነው። ምኒልክ ሆስፒታልም እንዲሁ ነው፤ ከዓድዋ ማግስት የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የጀመሩት ታሪክ አለው። ጎንደርም የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. አካባቢ የተከፈተው ቆላ ድባ ላይ ወባ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ይህን ግቢው ውስጥ ለሚማር ተማሪ በግድግዳ ላይ ማሳየት ይቻላል። የሐኪም ወርቅነህ ሕይወትማ ለብቻው ክፍል ይሞላል፦ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነቱ ከእንግሊዞች ጋር ሄዶ፣ ሕንድ ውስጥ ሕክምና ተምሮ፣ ሲመለስ አያቱ በሰውነቱ ጠባሳ ያወቁት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም።

ወጣቱ፦ ኅዳር 12 ላይ የሚጨሰውን ጭስስ? በ1911 ዓ.ም. በወረርሽኝ ያለቀውን ሰው የሚያስታውስ እኮ ነው። አሁን ግን ብዙ ወጣት ቆሻሻ ማቃጠያ ቀን ይመስለዋል።

ሲስተር፦ እሱማ ለአንተ ሥራ ይመቻል። በዚያ ቀን በየስልኩ ይድረስ፤ የኅዳር በሽታ ምን እንደ ነበረ፣ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይነገር። ቤትና ኢንተርኔት የሚጣሉ አይደሉም። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ፎቶ የምታነሳው ነገር ራሱ እየጠፋ ነው።

ወጣቱ፦ ብራናው?

ሲስተር፦ ብራናውን የሚጠብቅ ቤተ ክርስቲያን አለው። የሐኪም ቤቱን መዝገብ ነው የምልህ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ዕቃ ቤቱ ለሌላ ሥራ ሲፈለግ የድሮ የወሊድና የሞት መዝገቦች በካርቶን ተጭነው ወጡ። አንዳንዱ በጣሊያንኛ፣ አንዳንዱ በፈረንሳይኛ፣ አብዛኛው በቁም ጽሕፈት አማርኛ። ጓሮ ተወስደው ተቃጠሉ። ከልክለን ነበር፤ የሰማን የለም። በየትኛው ወር ስንት ሰው በምን ሞተ፣ የትኛው ክትባት ሲገባ ሞቱ ቀነሰ፣ እናቶች በምን ዕድሜ ይወልዱ ነበር፣ ይህ ሁሉ በዚያ ቀን ጠፋ። በሌላ ቦታ የለም። ለንደንም፣ ሚኒሶታም የለም።

ወጣቱ፦ ይህን ልጽፈው?

ሲስተር፦ ጻፈው። ከዚያም በታች ይህን ጨምርልኝ። በማንኛውም የመንግሥት ወይም የሚሲዮን ሐኪም ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም የክትባት ክፍል የምትሠሩ፦ አሮጌ መዝገብ፣ የተሰበረ ማይክሮስኮፕ፣ የድሮ የመርፌ ማፍያ፣ የፈንጣጣ ዘመቻ ካርድ፣ የሟች ሐኪም ማስታወሻ እጃችሁ ከገባ አትጣሉት፣ አታቃጥሉት። ከየት እንደ መጣና ማን ይጠቀምበት እንደ ነበር በወረቀት ጽፋችሁ እሰሩበት፤ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ አሳውቁ። ሥራውን የሠሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በአካባቢያችሁ ካሉ ደግሞ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ድምፃቸውን ቅዱ።